ቀላል አውሮፕላን በሐዋሳ ሰማይ፦ የበረራ ላይ አደጋ አያያዝ

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ፣ በአብራሪዎች መለኪያ 5,500 ጫማ አካባቢ ላይ ትገኛለች። ሴስና 172ን በመሰለ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ ችግር ሲደርስ ከሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት ይኸው ከፍታ ነው። ሙቀቱ 28 ዲግሪ በደረሰበት ቀን አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኗ 8,400 ጫማ ላይ ያለች ያህል ትሆናለች። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን አጥቶ ነው ከመሬት የሚነሳው።

ሞተሩ በከፍታ ላይ ከጠፋ መጀመሪያ የሚያዘው ፍጥነት ነው፤ እንደ ሞዴሉ 65 ወይም 68 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)። በዚህ ፍጥነት፣ ነፋስ ከሌለ፣ ከመሬቱ በላይ 3,000 ጫማ ላይ ሆኖ 8 ኪሎ ሜትር ያህል መንሳፈፍ ይቻላል፤ ጊዜው ግን ሦስት ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው። ማረፊያ ቦታ ከተመረጠ በኋላ ካርብራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ባላት ሞዴል እጅ ቶሎ ወደ ካርብራተር ማሞቂያው ይሂድ። ሙቀቱ የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ስለሆነ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጭስ ማውጫው ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ዘግይቶ የተሳበ ማሞቂያ በካርብራተሩ ውስጥ የተጋገረ በረዶ አያቀልጥም። ቀጥሎ የነዳጅ መምረጫው ሁለቱም ታንኮች ላይ መሆኑ፣ ሚክስቸሩ (የነዳጅና የአየር ቅልቅል መቆጣጠሪያው)፣ ማግኔቶው (ለሻማዎቹ ብልጭታ የሚሰጠው)፣ ፕራይመሩ (ለማስነሻ ነዳጅ የሚረጨው የእጅ ፓምፕ) መቆለፉ ይታያል። ቼክሊስቱ ሚክስቸሩን እስከ መጨረሻ ግፋ ይላል። በዚህ ከፍታ ግን ሙሉ በሙሉ የተገፋ ሚክስቸር ሞተሩን በነዳጅ ሊያፍነው ስለሚችል፣ ካልተነሳ ትንሽ መለስ አድርጎ መሞከር ያዋጣል። ሬዲዮው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፦ «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፣ በሚሰሙበት ሞገድ ወይም በአደጋ ጊዜ ሞገዱ በ121.5፤ ትራንስፖንደሩ (ለራዳር መለያ የሚልከው መሣሪያ) ላይ የአደጋ ኮዱ 7700።

ሰው የሚሳሳተው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው። የፍጥነት መለኪያው መርፌ 65 ኖት ሲያሳይ አየሩ ስስ ስለሆነ እውነተኛው ፍጥነት 74 ገደማ ነው፤ መሬቱ ከሥር ሲሮጥ ዓይን «ፈጥነሃል» ይላል። ዓይኑን ያመነ አፍንጫዋን ያነሳል፣ ክንፉ አየር ያጣል፣ አውሮፕላኗም ትወድቃለች። መታመን ያለበት መርፌው ነው። ካረፉ በኋላም የመቆሚያው ርቀት በባሕር ጠለል ላይ ካለ ሜዳ ከሩብ በላይ ይረዝማል።

ልክ እንደተነሱ ሞተሩ ከጠፋ ወደ ማኮብኮቢያው መመለስ አይሞከርም። አወጣጡ ዘገምተኛ፣ የመዞሪያው ክብም ሰፊ ስለሆነ ከፍታው አይበቃም። አፍንጫን ዝቅ አድርጎ ከፊት ለፊት፣ ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ ውስጥ ያለውን ክፍት ቦታ መያዝ ይሻላል።

የማሳ ምርጫ በወቅት ይለያያል። ነሐሴ ላይ ረጅም በቆሎ ጎማውን ጠልፎ ይገለብጣል፤ ከአጨዳ በኋላ ያው ማሳ ደህና ማረፊያ ነው። በታረሰ መሬት ላይ ትልሙን ተከትሎ እንጂ አቋርጦ አይታረፍም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ ስለማይታይ ምሰሶውን ነው መፈለግ። የግጦሽ ሜዳ ላይ ደግሞ ከብትም እረኛም አለ። ከመንካት በፊት ነዳጁ ይዘጋል፣ ማግኔቶው ይጠፋል፣ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ፍላፑ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ሰሌዳ) በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ዋናው ማብሪያ የሚጠፋው ፍላፑ ከወረደ በኋላ ነው።

በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዙሪያ የሚሰበሰበው አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ሌላ ጣጣ ነው። እስከ 9 ኪሎ የሚመዝን ወፍ መስታወት ሰብሮ ይገባል። መሬቱ ሲሞቅ በሚነሳው አየር ተሸክሞ ከፍ ስለሚል ማለዳ መብረር ይመረጣል። ወፍ ሲደነግጥ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ፍጥነት ካለ ማምለጫው ወደ ላይ ነው።

ሞተሩ በበረራ ላይ እሳት ከያዘው ሚክስቸሩና ነዳጁ ይዘጋሉ፣ ዋናው ማብሪያና የካቢን ማሞቂያው ይጠፋሉ፣ 100 ኖት ይያዛል። እሳቱ ቢጠፋም ሞተሩን እንደገና ማስነሳት የለም።

ሐይቁ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ቋሚ ጎማ ያላት አውሮፕላን ውኃ ስትነካ ልትገለበጥ ትችላለች። ግድ ከሆነ ከዳርቻው ሳይርቁ፣ ከዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ አጠገብ ይታረፋል፤ ጉማሬ የሚውልበትን ቄጠማ ግን መራቅ ነው። ቀበቶ ከመፍታት በፊት አንድ እጅ የበሩን ጠርዝ ይያዝ፤ የተገለበጠ ሰው ላይና ታቹን ያጣል። የሕይወት ጃኬቱ የሚነፋው ከበሩ ከወጡ በኋላ ነው፤ ውስጥ ከተነፋ ሽቅብ ገፍቶ፣ አሁን ጣሪያ ከሆነው ወለል ጋር ያጣብቃል።