ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ትቶ ካርድ ላይ የሚጽፈው ለምንድን ነው?

ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር እያለ ሐኪሙ ወረቀት ካርድ ላይ ሲጽፍ ያየ ሰው ቶሎ ይፈርዳል። ከምሰማቸው ፍርዶች አራቱን ላንሳ።

«ያረጁ ሐኪሞች ናቸው የሚያስቸግሩት።»
ዕድሜ ምንም ሚና የለውም አልልም። ግን እኚሁ አንጋፋ ሐኪም ኪሳቸው ውስጥ ስማርት ስልክ አለ፤ የኤምአርአይ ምስልም የሚያነቡት ከስክሪን ላይ ነው። ፍሬድ ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ሰው አዲስ ቴክኖሎጂ እንዲቀበል የሚያደርጉ ሁለት ነገሮችን ለይቷል፦ «ይጠቅመኛል» እና «አያስቸግረኝም» ብሎ ማመን። ሐኪሞች ዘንድ ብዙ ጊዜ ሚዛን የሚደፋው የመጀመሪያው ነው።

«ኮምፒውተር ጊዜ ይቆጥባል፤ እምቢ ማለት ስንፍና ነው።»
የማንን ጊዜ? ካርድ ክፍል ፍለጋ ይቀርለታል። ሪፖርት የሚሠራው ሰው ቁጥሩን ባንዴ ያገኛል። ሐኪሙ ግን ድሮ በሦስት መስመር የሚጨርሰውን አሁን ሳጥን በሳጥን ሲሞላ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ሐኪሞች ታካሚ ለሚያዩበት ለእያንዳንዱ 1 ሰዓት ወደ 2 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ በኤሌክትሮኒክ መዝገብና በሌላ የጠረጴዛ ሥራ ላይ እንደሚያጠፉ አሳይቷል። የተረፈው ቤት ድረስ ይከተላቸዋል። እንዲያውም «የፒጃማ ሰዓት» የሚል ስም ወጥቶለታል። ልፋቱ የሐኪሙ፣ ጥቅሙ የሌላው ሲሆን ማን ደስ ይለዋል?

«ገንዘብ ካለ ሁሉም ይገባበታል።»
ግማሽ እውነት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ሜዲኬር በተባለው የመንግሥት የጤና መድን በኩል ለአንድ ሐኪም እስከ 44,000 ዶላር ማበረታቻ አቀረበች፤ ኤሌክትሮኒክ መዝገብም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተስፋፋ። ግን ሎስ አንጀለስ ያለው ሲዳርስ ሳይናይ ሆስፒታል ሚሊዮኖች ያፈሰሰበትን፣ ሐኪም የመድኃኒትና የምርመራ ትእዛዝ በኮምፒውተር የሚያስገባበትን ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2003 ለማቆም ተገዷል። ሐኪሞቹ አመፁበት፤ ሥራችንን አጓተተው አሉ። ብሩ ማሽኑን ይገዛል እንጂ የሐኪሙን ልብ አይገዛም።

«ሥልጠና ከተሰጠ በቃ።»
ታካሚ ፊት ለፊት ተቀምጦ እየጠበቀ ሲስተሙ ቀጥ ሲል የሥልጠናው ማስታወሻ ትዝ አይልም። ያኔ የሚፈለገው አጠገብ መጥቶ «እዚህ ጋ ንካው» የሚል ሰው ነው። ያ ሰው ራሱ ሐኪም ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይሰማል።