ሃንታ ቫይረስ ምንድን ነው? ዝናብስ ምን አገናኘው?

ሃንታ ቫይረስ በአይጦች ሰውነት ውስጥ የሚኖሩ የቫይረሶች ቤተሰብ ነው። አይጧን አያሳምማትም። ቫይረሱ ግን በሽንቷ፣ በኩሷና በምራቋ ይወጣል። ብዙዎች የሚተላለፈው በንክሻ ይመስላቸዋል። ዋናው መንገድ ትንፋሽ ነው። ኩሱ ደርቆ አቧራው ሲቦን ሰው ወደ ሳንባው ይስበዋል።

እ.ኤ.አ. በ1993 አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ኮሎራዶና ዩታ በሚገናኙበት የአሜሪካ ክፍል ጤነኛ ወጣቶች በድንገት ትንፋሽ እያጠራቸው መሞት ጀመሩ። በጥቂት ሳምንታት ምርመራ፣ ከዚያ በፊት የማይታወቅ የሃንታ ዝርያ ተገኘ። ተሸካሚዋ ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ የሆነች የዱር አይጥ ነበረች።

አይጧ ድሮም እዚያው ነበረች። ታዲያ ለምን በዚያ ዓመት?

አካባቢው ለዓመታት በድርቅ ተመቶ ነበር። ከዚያ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ በሚፈጠረው የአየር ለውጥ፣ በኤል ኒኞ ሰበብ ዝናቡና በረዶው በዛ። ሣሩ ለመለመ፣ የጥድ ፍሬ ተትረፈረፈ። አይጥ ደግሞ ሆዷ ከሞላ ቶሎ ቶሎ ትወልዳለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው አሥር እጥፍ ገደማ ጨመረ። ሲበዙ ይጣላሉ፣ ይነካከሳሉ፤ ቫይረሱም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይሄዳል። ወደ ሰው ቤትና መጋዘን የሚገቡትም ይበዛሉ። ዝናቡ ዘንቦ ሰው እስኪታመም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ያልፋል። ግንኙነቱ ቶሎ የማይታየው ለዚህ ነው። ዝናብ የበዛበት ዓመት ሁሉ ግን ወረርሽኝ አያመጣም።

የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የናቫሆ ሽማግሌዎች ይህን አስቀድመው ያውቁት ነበር። ዝናብና የጥድ ፍሬ ሲበዛ አይጥ ይበዛል፣ ሕመምም ይከተላል ይሉ ነበር። በሽታው በሕዝባቸው ስም መጠራቱና ሰው እነሱን መሸሹ በጣም ያሳዝናል።

በዚህ ዝርያ ሳንባቸው ከተጠቃ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ይሞታል። ቫይረሱን የሚያጠፋ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። ስለዚህ አይጥ የከረመበት ቤት ስትገቡ መጥረጊያ አታንሱ። በርና መስኮት ከፍታችሁ ለ30 ደቂቃ ውጡ። ኩሱን በውሃ በቀጠነ በረኪና አርሱት። 5 ደቂቃ ጠብቁና ጓንት አድርጋችሁ በጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ በኋላ ባሉት 8 ሳምንታት ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከተሰማችሁ፣ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ የአይጡን ነገር ንገሩት።