የኮምፒውተር ሙያ ስልጠና በደሴና በኮምቦልቻ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ «ኮምፒውተር ልማር» የሚል ወጣት ሁለት የተለያዩ መንገዶች ይጠብቁታል። አንደኛው በዩኒቨርሲቲ ወይም በግል ኮሌጅ በዲግሪ የሚሰጠው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፤ ሒሳብ፣ አልጎሪዝምና የፕሮግራም ንድፈ ሐሳብ ይበዛበታል። ሁለተኛው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚሰጠው ስልጠና ነው። ይህኛው ከማሽኑ፣ ከገመዱና ከሰንጠረዡ ይነሳል፤ የሚመዘነውም ሰልጣኙ በሚያውቀው ብቻ ሳይሆን ሠርቶ በሚያሳየው ነው። ይህ ዳሰሳ ስለ ሁለተኛው ነው።

በደሴ የቴክኒክና ሙያ ስልጠና ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ስሙ የንጉሥ ሚካኤል ልጅና የእቴጌ መነን እናት የሆኑት የወይዘሮ ስህን መታሰቢያ ሲሆን፣ ተቋሙ ኮሌጅ ከመሆኑ በፊት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትነቱ በመላው ወሎ ይታወቅ ነበር። ኮምቦልቻም የራሷ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላት። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግን የዲግሪ ተቋም ስለሆነ ከኮሌጁ ጋር መምታታት የለበትም። ሁለቱን ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ያገናኛቸዋል። በአንዱ ከተማ እያደረ በሌላው የሚሰለጥን ሰው የሚኒባሱን ሰዓት ከወዲሁ ማስላት ይኖርበታል፤ ያመለጠ የላብ ሰዓት እንደ ንድፈ ሐሳብ ትምህርት ከጓደኛ ደብተር ተገልብጦ አይካካስም።

ስልጠናው በደረጃ የተከፈለ ነው። ደረጃ 1 እና 2 የጋራ መሠረት ናቸው፦ ኮምፒውተርና ተያያዥ ዕቃዎችን ማገናኘት፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫን፣ የቢሮ ሶፍትዌር፣ ቀላል ጥገና። ከደረጃ 3 ጀምሮ መንገዱ ይለያያል። ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስ፣ ሰልጣኞች በአጭሩ «ኤችኤንኤስ» የሚሉት፣ ብዙ ሰው የሚመርጠው ነው። ዳታቤዝ አድሚኒስትሬሽንና ዌብ ሥራም አሉ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ወደ ኮሌጅ የሚገባው በአብዛኛው 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ነው። ማንኛውም ኮሌጅ ሁሉንም ዘርፎች በየዓመቱ ይከፍታል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከምዝገባ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ኮምፒውተር አለ ወይ?» ሳይሆን «ዘንድሮ የትኛው ዘርፍ፣ እስከ ስንተኛ ደረጃ ተከፍቷል?» መሆን አለበት።

ማሽኑ

የመጀመሪያው ከባድ ልምምድ አንድን ኮምፒውተር ፈትቶ መልሶ መግጠም ነው። ሰልጣኝ የሚቸገረው በመፍታቱ አይደለም፤ መልሶ ሲገጥም በሚረሳት ትንሽ ነገር ነው። ማዘርቦርዱን (ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ) ከኬዙ ከፍ አድርገው የሚይዙት የናስ መቆሚያዎች በትክክለኛው ቀዳዳ ካልገቡ የቦርዱ ጀርባ ብረቱን ይነካና ሾርት ያደርጋል። ባለ 24 ፒኑ ትልቅ ሶኬት ገብቶ ለፕሮሰሰሩ የተለየው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ሲረሳ ደግሞ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ይሆናል። በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ላይ ያለው ጎድጓድ ቦታው በዲዲአር 3 እና በዲዲአር 4 የራም ትውልዶች ስለሚለያይ አልገባ ያለ ራም በጉልበት አይገፋም።

ስክሪን የማይሰጥ ማሽን ሲመጣ ጥሩ አሰልጣኝ የሚያስተምረው ቅደም ተከተል አለ፤ የሙያው ልብም እሱ ነው። ከኃይል ይጀመራል። ፓወር ሰፕላዩ ከቦርዱ ተነቅሎ በባለ 24 ፒኑ ላይ ያለው አረንጓዴ ሽቦ ከአንድ ጥቁር ሽቦ ጋር ሲገናኝ ፋኑ መነሳት አለበት። መነሳቱ ብቻ ግን በቂ አይደለም። በመልቲሜትር ሲለካ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ካልሰጠ ፓወሩ ደክሟል። ቀጥሎ ራሙ ይወጣል፤ ወርቃማ እግሮቹ በንጹሕ ላጲስ ይታሻሉ፣ ፍርፋሪው ይጠረጋል፣ ከዚያም አንድ ራም ብቻ ገብቶ ይሞከራል። አቧራ በሚበዛበት አካባቢ ብዙ «የሞተ» ማሽን የሚነሳው በዚህ ነው። ሰዓቱን የሚረሳ ማሽን ባለ 3 ቮልት ሲአር 2032 ባትሪው አልቋል ማለት ነው። ቀኑ ወደ ኋላ ስለሚመለስም አሳሹ ድረ ገጾችን «ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ» እያለ አልከፍትም ይላል፤ ልምድ የሌለው ሰው ኢንተርኔቱ የተበላሸ መስሎት ራውተሩን ይነካካል። በየደረጃው አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፣ ውጤቱም ይጻፋል። ሦስት ነገር በአንዴ ለውጦ ማሽኑ የተነሳለት ሰው ብልሽቱን አላገኘም።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫን ቀላል ይመስላል። የተለመደው መሰናክል የዲስኩ አከፋፈል ነው፦ ኤምቢአር የሚባለው አሮጌ አከፋፈል ከ2 ቴራባይት በላይ አያይም፣ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማሽን ማስነሻ ሥርዓት) የተነሳ የዊንዶውስ መጫኛም እንዲህ ባለው ዲስክ ላይ አልጫንም ይላል። መፍትሔው ዲስኩን ወደ አዲሱ አከፋፈል፣ ወደ ጂፒቲ፣ መለወጥ ነው፤ በመጫኛው በኩል ሲለወጥ ግን ያለው ፋይል ይጠፋልና መጀመሪያ ይገለበጣል።

ገመዱ

ኔትወርክ ክፍል ውስጥ ሰልጣኙ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ገመድ ቆርጦ፣ ልጦ፣ በክሪምፐር (በመጭመቂያ ጉጠት) አርጄ 45 የተባለውን የጫፍ መሰኪያ ይገጥማል። በስፋት የሚሠራበት የቲ568ቢ ቅደም ተከተል ከ1 እስከ 8 ይህ ነው፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። ብዙዎች የሚሳሳቱት በመካከሉ ነው። ነጭ-አረንጓዴን ካስገቡ በኋላ «ጓደኛው» አረንጓዴው ነው ብለው አጠገቡ ያስገቡታል። ሁለቱም ጫፍ በዚሁ ስህተት ከተሠራ ባለ 8 መብራቱ የገመድ መሞከሪያ ሁሉንም በተራ ያበራል፣ ሰልጣኙም ጨርሻለሁ ይላል። ነገር ግን ኔትወርኩ በጥንድ የሚጠቀምባቸው 3ኛውና 6ኛው ሽቦዎች አብረው ካልተጠማዘዙ ሁለት የተለያዩ ጥንዶች የተወሰዱ ስለሚሆኑ አንዱ የሌላውን ምልክት ያውካል። ገመዱ ያልፋል፣ ረዘም ሲል ግን ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ግንኙነቱ ይቆራረጣል። መጠምዘዙ ጌጥ አይደለም፤ ረብሻን የሚያጠፋው እሱ ነው። ጫፉ ላይ የሚፈታው ከ13 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ርዝመቱ ከ100 ሜትር አያልፍም፦ 90 ሜትር በግድግዳ ውስጥ የሚቀመጠው፣ 10 ሜትር በሁለቱ ጫፍ የሚንቀሳቀሰው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች ያሏት፣ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ላይም የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀላት ከተማ ናት። በፋብሪካ አዳራሽ ከበር እስከ መጋዘን 100 ሜትር ማለፍ ብርቅ አይደለም፤ መሐል ላይ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ መሣሪያ) ማስቀመጥ ወይም ፋይበር መዘርጋት ግድ ይላል። ገመዱ ከትልልቅ ሞተሮች የኃይል መስመር ጋር በአንድ ቱቦ መግባትም የለበትም። ገበያ ላይ ርካሽ ሆኖ የሚገኘው ገመድ ብዙ ጊዜ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ከውስጥ ብርማ ሆኖ ይታያል። ሲታጠፍ ይሰበራል፣ በርዝመትም ይደክማል።

የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርክ ላይ የእያንዳንዱ ማሽን መለያ ቁጥር፣ ስሌት ሰልጣኞችን የሚያስፈራ ምዕራፍ ነው፤ ግን ከጥቂት ቀን ልምምድ በኋላ ይለመዳል። ለምሳሌ 192.168.1.0 በ26 ቢት ሲከፈል አራት ኔትወርክ ይወጣል፣ እያንዳንዱም 62 ማሽን ይይዛል። በሁለተኛው ኔትወርክ 192.168.1.64 የኔትወርኩ የራሱ መለያ፣ 192.168.1.127 የሁሉም መጥሪያ ስለሆኑ ለማሽን አይሰጡም። በምዘና ላይ ከእነዚህ አንዱን ለፕሪንተር የሚሰጥ ሰልጣኝ አይጠፋም። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ማሽን ከተገኘ ደግሞ አድራሻ ከሚያድለው ሰርቨር ወይም ራውተር ጋር አልተገናኘም ማለት ነውና ፍለጋው ከገመዱ ይጀመራል።

ሰንጠረዡ

ዳታቤዝ፣ ማለትም በሰንጠረዥ የተደራጀ መረጃ፣ የመረጠ ሰልጣኝ የሚማረው የመረጃ መጠየቂያ ቋንቋ፣ ኤስኪውኤል፣ በየትኛውም አገር አንድ ነው። እኛ ዘንድ ልዩ የሚሆነው የሚገባበት መረጃ ነው፤ ይህ ክፍል ከሚሰጠው ጊዜ የበለጠ ይገባዋል።

መጀመሪያ ስም አለ። «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚል ባለ ሁለት ዓምድ ንድፍ ከውጭ የተቀዳ ነው፤ ለእኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ሦስት ዓምድ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ፊደሉ ይመጣል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዩኒኮድ በሚቀመጥበት በተለመደው ስልት፣ በዩቲኤፍ 8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳልና በባይት የተለካ ዓምድ በላቲን 30 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ 10 ብቻ ይይዛል። ዓምዱ ዩኒኮድ ካልሆነ ደግሞ «ከበደ» ተብሎ የገባው «???» ሆኖ ይቀመጣል። ይህ የማሳያ ችግር አይደለም፤ ፊደሉ ጠፍቷል፣ ፎንት በመቀየር አይመለስም።

ሦስተኛው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው። ሆስፒታል መዝገብ ላይ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን ታካሚ «ሀይሉ» ብሎ የሚፈልግ ሠራተኛ አያገኘውም፣ አዲስ ካርድም ያወጣለታል። መፍትሔው የተጻፈውን ስም እንዳለ መተውና አጠገቡ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘራቸው የተለወጡበት የመፈለጊያ ዓምድ መጨመር ነው። የግዕዙ ሀ እና ራብዑ ሃ፣ አ እና ኣም እንዲሁ አንድ መደረግ አለባቸው።

አራተኛው ቀን ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብሎ በተለመደው የቀን ዓምድ የሚያስገባ ሰው «የተሳሳተ ቀን» ይባላል፤ ዓምዱ የሚያውቀው ፌብሩዋሪን ነውና። ጳጉሜን እንደ 13ኛ ወር ጭራሽ አይቀበልም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ተቀባይነት ያገኘው ስህተት ነው፦ 12/5 ተብሎ የገባ ጥር 12 ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሜይ 12 ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ በሰንጠረዡ ውስጥ በአውሮፓ አቆጣጠር ማስቀመጥና ሲገባና ሲታይ ብቻ መለወጥ ይመረጣል።

ኃይልና ባክአፕ

መብራት ሲቆራረጥ የሚጎዳው ማሽኑ ብቻ ሳይሆን በዚያች ሰከንድ እየተጻፈ ያለው ፋይል ነው። በትናንሽ ዩፒኤሶች (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ በሚያቆዩ መሣሪያዎች) ውስጥ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ከስክሪኑ ጋር 150 ዋት ለሚወስድ ኮምፒውተር በስሌት ግማሽ ሰዓት ይመስላል፤ በተግባር ግን ከዚያ እጅግ ያንሳል። አስቀምጦ ለመዝጋት እንጂ ሥራ ለመቀጠል አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ሁለቱ ከተሞች በጦርነት ውስጥ በነበሩበት ጊዜ ብዙ የሕዝብ ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል፤ በውስጡ የነበረ የተማሪ ውጤት ወይም የታካሚ ታሪክ ግን አይተካም። ስለ ባክአፕ (ስለ መጠባበቂያ ቅጂ) የሚነገረው የ3-2-1 ደንብ፣ ማለትም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ፣ ለወሎ ሰው የመጽሐፍ ቃል ብቻ አይደለም። በዚያው ክፍል መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ትብብር ስልጠና፣ ሲኦሲና ከዚያ በኋላ

የቴክኒክና ሙያ ስልጠና ሕግ የሰልጣኙን ጊዜ በኮሌጅና በድርጅት መካከል ያካፍላል፤ የትብብር ስልጠና የሚባለው ይህ ነው። ጥቅሙ የሚወሰነው ሰልጣኙ በሚሰጠው ሥራ ነው። ወደ ቢሮ ተልኮ ለወራት ደብዳቤ ብቻ ሲጽፍ የሚከርም አለ። ከመላኩ በፊት ኮሌጁ፣ ድርጅቱና ሰልጣኙ የሚሠሩትን ተግባራት በዝርዝር ጽፈው ቢፈራረሙ፣ በየሳምንቱም በሥራ ማስታወሻ ደብተር ላይ የድርጅቱ ኃላፊ ቢፈርም ይህ ይቀንሳል።

መጨረሻ ላይ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሁሉም «ሲኦሲ» የሚለው አለ፤ የጽሑፍና የተግባር ክፍል ሲኖረው ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። በተግባሩ ሰልጣኞች የሚወድቁት ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ማሽኑን ሳያጠፉ መክፈት፣ የሠሩትን ሳይሞክሩ «ጨርሻለሁ» ማለት፣ የመጫኛ ፍላሹ መነሳቱን አስቀድሞ አለማረጋገጥ ሰዓቱን ይበሉታል። መዛኙ የሚያየው የመጨረሻውን ስክሪን ብቻ ሳይሆን እጁ እንዴት እንደሚሠራም ነው።

ከምዘና በኋላ አንዳንዱ በመሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ይሆናል፣ አንዳንዱ ደረጃውን ያሳድጋል፣ ጥቂት ሆነው ተደራጅተው የጥገና ሱቅ የሚከፍቱም አሉ። ለሱቅ መጀመሪያ መልቲሜትር፣ ክሪምፐርና የገመድ መሞከሪያ፣ የካቻቢቴ ስብስብ፣ የአቧራ መንፊያ፣ አንድ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይና ራም ለመሞከሪያ፣ ትልቅ የፋይል ማቆያ ዲስክም ያስፈልጋል። ማሽን ሲቀበሉ የባለቤቱ ስም፣ የማሽኑ ሴሪያል ቁጥር፣ የራሙና የዲስኩ መጠን በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ለደንበኛው ይሰጣል። «ፎርማት አድርጉልኝ» ቢልም እንኳ የሠርግና የልጅ ፎቶ የት እንዳለ ሳይጠየቅ፣ ሳይገለበጥና የተገለበጠው ተከፍቶ ሳይታይ ዲስኩ አይነካም።