የሕዝብ ግፊትና የጁሪ ነፃነት በአሜሪካ የወንጀል ችሎት

በአሜሪካ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ዳኛው ሳይሆን ጁሪው ነው። ጁሪ በዕጣ ተጠርተው፣ በዳኛውና በሁለቱ ወገን ጠበቆች ተጠይቀው የሚመረጡ የአካባቢው ነዋሪዎች ስብስብ ሲሆን በከባድ ወንጀል ቁጥራቸው ባብዛኛው 12 ነው። በ1791 የጸደቀው ስድስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለተከሳሹ ወንጀሉ ከተፈጸመበት አካባቢ የተውጣጣ የማያዳላ ጁሪ የማግኘት መብት ይሰጠዋል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወንጀሉ አገር ያናወጠ ሲሆን ግን የዚያ አካባቢ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ አዝኗል፣ ተቆጥቷል። የማያዳሉት 12 ሰዎች የሚፈለጉት ከዚሁ ሕዝብ መካከል ነው።

በኢትዮጵያ ጁሪ የለም። ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚመዝነው ዳኛ ነው፤ የፍርዱን ምክንያትም በጽሑፍ ያሰፍራል። የአሜሪካ ጁሪ ምክንያት አይጽፍም፤ ውሳኔውን አሰምቶ ይበተናል። ስለዚህ ግፊት ውሳኔውን አዛብቶት ቢሆን እንኳ ከመዝገቡ ላይ አንብቦ ማወቅ አይቻልም። ዜግነት ወስዶ የጁሪ መጥሪያ በፖስታ ለደረሰው ወገናችን ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል።

ግፊቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጁሪው ከችሎት በፊት በሰማው ነገር ልቡ አስቀድሞ መፍረዱ ነው። ሁለተኛው ከፍርድ በኋላ ጎረቤቱ፣ ሰፈሩ፣ ከተማው ምን ያደርገኛል ብሎ መፍራቱ ነው። ፍርድ ቤቶች ለመጀመሪያው ብዙ መፍትሔ አበጅተዋል። በእኔ እይታ የከፋው ሁለተኛው ነው፤ ጥበቃውም ገና ስስ ነው።

ይህ ፍርሃት በግልጽ የታየው በአርካንሶ ግዛት፣ ፊሊፕስ ካውንቲ በሚባል ወረዳ ነው። በ1919 በኢሌን ከተማ አካባቢ በጥቁር ገበሬዎች ላይ እልቂት ከተፈጸመ በኋላ፣ ነጮች ብቻ የተቀመጡባቸው ጁሪዎች 12 ጥቁሮችን ለሞት ዳረጉ። ከነዚህ የስድስቱ ጉዳይ በ1923 ሙር በተቃራኒ ዴምፕሲ በሚባለው መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የተከሳሾቹን አቤቱታ ያጠቃለሉት ዳኛ ኦሊቨር ዌንዴል ሆልምስ እንዳሰፈሩት፣ ችሎቱ የፈጀው 45 ደቂቃ ያህል፣ ጁሪው ተመካክሮ የተመለሰውም በአምስት ደቂቃ ግድም ነበር። ይህን ሰው ልቀቁት ብሎ ከዚያ በኋላ በካውንቲው መኖር የሚችል የጁሪ አባልም አልነበረም። ፍርድ ቤቱ እንዲህ በሕዝብ መንጋ ቁጥጥር ሥር የዋለ ችሎት ሕጋዊ ሥርዓትን የተከተለ እንደማይባል ወሰነ።

ግፊት የሚያስፈርድ ብቻ ሳይሆን የሚያስለቅቅም ነው። በ1955 በሚሲሲፒ የ14 ዓመቱን ኤሜት ቲልን በመግደል የተከሰሱትን ሁለት ነጮች፣ 12 ነጭ ወንዶች የተሰየሙበት ጁሪ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ባለፈ ምክክር ነፃ አወጣቸው። በማግስቱ ዓመት ሁለቱ ሰዎች ገንዘብ ተከፍሏቸው መግደላቸውን ለአንድ መጽሔት ተናገሩ። ሆኖም ጁሪ ነፃ ያወጣው ሰው በዚያው ግዛት በዚያው ወንጀል ዳግም ስለማይከሰስ የነካቸው አልነበረም። ጥፋተኛ የተባለ ሰው ይግባኝ ይላል፤ ፈርቶ ወይም ለወገኑ አድልቶ የለቀቀ ጁሪ ግን በይግባኝ የሚታረምበት በር የለም።

ከቴሌቪዥን መስፋፋት በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትኩረት ወደ ዜናው ዞረ። በ1961 በታየው የኢንዲያና ግዛት የኧርቪን መዝገብ፣ ከተጠሩት 430 ሰዎች 268ቱ ተከሳሹ ወንጀለኛ ነው ብለው ቁርጥ ያለ አቋም ስለያዙ ተሰናበቱ። ከተመረጡት 12 እንኳ ስምንቱ ጥፋተኛ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ፍርዱ ተሻረ። በኦሃዮ ሚስቱን ገድሏል ተብሎ በ1954 የተፈረደበት የሐኪሙ የሳም ሼፐርድ ጉዳይ ደግሞ ሁለቱንም ግፊቶች በአንድ መዝገብ ያሳያል። ጋዜጦች ለጁሪ የታጩትን ሰዎች ስምና አድራሻ አወጡ፤ ሁሉም ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች ደብዳቤና ስልክ ደረሳቸው። ጋዜጠኞች በችሎቱ ውስጥ ከተከሳሹ አጠገብ ጠረጴዛ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። በ1966 ፍርዱ ተሽሮ፣ በዚያው ዓመት በአዲስ ጁሪ ነፃ ወጣ።

መፍትሔ ተብለው የሚሠራባቸው የታወቁ ናቸው፦ ረጅም መጠይቅ፣ ችሎቱን ማዘግየት፣ ጁሪውን በሆቴል አግልሎ ማቆየት፣ ጉዳዩን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር። ማግለል ራሱ ይጎዳል፤ በግድያ የተከሰሰው የታዋቂው ስፖርተኛ የኦ ጄ ሲምፕሰን ጁሪ በ1995 ለ265 ቀን ከቤቱ ርቋል። 168 ሰዎች የሞቱበት የኦክላሆማ ሲቲ ፍንዳታ ዋና ተከሳሽ ችሎት ወደ ዴንቨር ተዛውሮ በ1997 በሰላም ተጠናቋል። ማዛወር ግን የጁሪውን ስብጥርም ይለውጣል። ጥቁሩን ሮድኒ ኪንግን የደበደቡት ፖሊሶች ችሎት ከሎስ አንጀለስ ወደ ሲሚ ቫሊ ተወስዶ፣ አብዛኞቹ አባላት ነጮች የሆኑበት ጁሪ በኤፕሪል 1992 ከአንድ ያልተስማማበት ክስ በቀር ነፃ አወጣቸው። በተከተለው ብጥብጥ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የፌዴራል መንግሥት በራሱ ሕግ ለየብቻው መክሰስ ስለሚችል ፖሊሶቹ እንደገና ተከሰሱ፤ በ1993 በፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለቱን ጥፋተኛ ያለው ጁሪ የተቀመጠው፣ ከተማዋ ሌላ ብጥብጥ ይነሳል ብላ በምትሰጋበት ሰዓት ነበር።

ያም ሆኖ አብዛኛው የወንጀል ክስ ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ ስለሚዘጋ ጁሪ ፊት አይቀርብም። በ1988 በፖርትላንድ የተገደለው ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ ሥራው ጉዳይም እንዲሁ ነው። ሦስቱ ዘረኛ ወጣቶች ጥፋታቸውን አምነው ተፈረደባቸው፤ ጁሪ የተሰየመው በ1990 በታየው የካሳ ክስ ብቻ ነው።

ጥቁሩን ጆርጅ ፍሎይድን የገደለው የነጩ ፖሊስ የዴሪክ ሾቪን ችሎት በማርች 2021 በሚኒያፖሊስ ሲጀመር፣ ፍርድ ቤቱ በአጥርና በሽቦ ተከቦ ነበር። ጁሪ በመመረጥ ላይ ሳለ ከተማዋ ለፍሎይድ ቤተሰብ 27 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቷን አስታወቀች። ዳኛው ፒተር ኬሂል አስቀድመው የተመረጡትን እንደገና ጠይቀው ሁለቱን አሰናበቱ፤ ችሎቱ ይዛወር የሚለውን ጥያቄ ግን አልተቀበሉም። ማስረጃ እየተሰማ ሳለ በአቅራቢያው በብሩክሊን ሴንተር ዳንቴ ራይት የተባለ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ተገደለ፤ ተቃውሞው አገረሸ። ተከላካይ ጠበቃው ጁሪው ከዚያው ቀን ጀምሮ ይገለል ቢሉም፣ የተገለለው ለምክክር ሲገባ ብቻ ነው። በኤፕሪል 20 በሦስቱም ክሶች ጥፋተኛ አለው። ማስረጃው ጠንካራ ነበር፤ መላው ዓለም ያየው ቪዲዮ አለ። ማስረጃው ጠንካራ መሆኑና አባላቱ ያለ ፍርሃት መቀመጣቸው ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው መልስ ለሁለተኛው አይሆንም።

የሚኒሶታ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2023 ፍርዱን አጸና። የጁሪው አባላት ስም ለወራት በዝግ ከቆየ በኋላ በኖቬምበር 2021 ይፋ ሆኗል። በእኔ እምነት እንዲህ ባለ ጉዳይ ስም የሚወጣበትን ጊዜ መወሰን ያለበት ቀን ቆጣሪ ሳይሆን የአባላቱ ፈቃድ ነው፤ መጥሪያው ሲደርሳቸው እምቢ የማለት መብት አልነበራቸውምና።