ሴሉሎስ ኦሊጎመር ምንድን ነው?

ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ላይ ገብስ ሲወቃ ፍሬው ለሰው፣ ገለባው ለከብት ነው። የሁለቱም ዋና መሠረት ግን አንድ ስኳር ነው፤ ግሉኮስ። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። በፍሬው ስታርች ውስጥ ሆዳችን ሊፈታው በሚችል መልኩ ተያይዟል። በገለባው ውስጥ ግን አንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር እየተገለበጠ ስለሚያያዝ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተጣብቀው ይጠነክራሉ። ሴሉሎስ ይሄ ነው። የጓሳ ሳር ገመድ ሲጎተት ቶሎ የማይበጠሰው በአብዛኛው በሱ ጉልበት ነው። (ከበግ ፀጉር የሚሠራውን ባና እዚህ አታስገቡት። ሱፍ ፕሮቲን ነው።)

ተክል ውስጥ አንዱ ሰንሰለት በሺዎች የሚቆጠር ግሉኮስ ሊይዝ ይችላል። ኦሊጎመር የሚባለው አጭሩ ነው፤ ከጥቂት እስከ ደርዘን ገደማ። ረጅሙን ቆርጦ ማሳጠር ይቻላል። እኔን የሚገርመኝ ግን አንድ በአንድ መቀጠሉ ነው።

ሥራው የሴሎዴክስትሪን ፎስፎሪሌዝ ነው፤ ሙቀት ከሚወድና ተክል ከሚያበሰብስ ባክቴሪያ የተገኘ ኢንዛይም። ባክቴሪያው ውስጥ አፍራሽ ነው። በፎስፌት እየታገዘ ከሰንሰለቱ ጫፍ ግሉኮስ ይነቅላል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ፎስፌት ያዘለ ግሉኮስ በብዛት ሲቀርብለት ሥራውን ይገለብጠዋል፤ ግሉኮሱን ይቀጥላል፣ ፎስፌቱን ይጥላል። አፍራሹ ግንበኛ ሆኖ አረፈው።

በቃህ የሚለው የለም። ሰንሰለቱ 7፣ 8፣ 10 ሲደርስ ውሃው አይሸከመውም። ያኔ ሰንሰለቶቹ ራሳቸው ተፈላልገው በሃይድሮጅን ትስስር ይያያዙና እንደ ወረቀት ያለ ስስ ቅጠል ይሠራሉ። አደራደራቸው እንግዳ በዝቶ አልጋ ሲጠብ እንደምንተኛው ነው፤ አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ። የተክሉ ሴሉሎስ ግን ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው የሚተኛው። የቅጠሉ ውፍረት የሰንሰለቱ ቁመት ነው። አንድ ግሉኮስ ግማሽ ናኖሜትር ያህል ስለሆነ፣ አሥሩ 5 ናኖሜትር ይመጣል። 200,000 ቅጠል ብትደራርቡ ገና 1 ሚሊሜትር ነው!

ኢንዛይሙ መቀጠል የሚጀምርበት መነሻ ስኳር ላይ ሌላ ነገር ከተለጠፈ፣ ወይም ውሃው በትልልቅ ሞለኪውሎች ከተጨናነቀ፣ ቅጠሉ ቀርቶ ሪባን ሊሆን ይችላል። ሪባኖቹ መረብ ሲሠሩ ብልቃጡ ቢገለበጥም የማይፈስ ጄል ይወጣል።

ፎስፌት ያዘለው ግሉኮስ ውድ ነው። ለዚህም መላ አለ፤ ሌላ ኢንዛይም እዚያው ዕቃ ውስጥ ይጨመርና ቡና ላይ ከምናደርገው ተራ ስኳር ያዘጋጀዋል።