የድመት ዳይት ምንድን ነው?

ዝም ማለት አቃተኝ። «ድመቴ ወፍራለች፣ ዳይት አስጀምሬያታለሁ፣ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ምንም አልቀመሰችም» የሚል ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ። መካሪው ደግሞ አይጠፋም፤ «በርቺ፣ ስብ አላት፣ ከስቧ ትኖራለች» ይላል። እኔ ድሬዳዋ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ይሄ ዳይት አይደለም። ድመቷን ሊገድላት የሚችል ነገር ነው፣ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህን የሚያደርጉት እንስሳቸውን ከልብ የሚወዱ ሰዎች መሆናቸው ነው።

ዳይት ማለት ድመቷ በየቀኑ እየበላች፣ የምትበላው ግን ተለክቶ፣ ቀስ በቀስ ስትከሳ ነው። «በየቀኑ እየበላች» የሚለውን አስምሩበት። ውፍረት ለምን እንደሚጎዳ አልዘረዝርም፣ ስኳሩንም የመገጣጠሚያ ሕመሙንም ሰምታችኋል።

አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ተከራክሮኛል፤ «የሐረር ጅብ ሆዱን ከሞላ ቀናት ሳይበላ ይቆያል። ድመትም ሥጋ በል ናት፣ ምን ትሆናለች?» ወንድሜ፣ ማታ ማታ ከጁገል ግንብ ውጪ ሥጋ የሚጎርሰው ጅብ ባንዴ ብዙ ውጦ እንዲቆይ ሆኖ የተፈጠረ ትልቅ እንስሳ ነው። ድመት አይጥና ወፍ አዳኝ ናት። በተፈጥሮዋ ቀንና ሌሊት በትንሽ በትንሹ፣ ከአሥር ጊዜ በላይ ትበላለች። ጉበቷም ምግብ መጣም ቀረም ፕሮቲን ማቃጠሉን እንደ ሌላው እንስሳ አይቀንስም። ሁለቱም ሥጋ ስለበሉ ብቻ አንድ አይሆኑም።

«ከስቧ ትኖራለች» ወደሚለው ልምጣ፣ ዋናው ስህተት እሱ ነውና። ድመት ስትራብ ሰውነቷ ያከማቸውን ስብ ይፈታና ወደ ጉበት ይልከዋል። ጉበቷን እዚህ ድሬ እንዳለ አንድ የዕቃ መጋዘን አስቡት። በሩ አንድ ነው። በአዘቦት ቀን አንድ አይሱዙ ይመጣል፣ ጫኝና አውራጆቹ ያወርዳሉ፣ በሌላ መኪና ጭነው ይሸኛሉ፣ መጋዘኑም አይጨናነቅም። ረሃብ ሲመጣ ግን አሥር ሲኖትራክ ባንዴ በሩ ላይ ይሰለፋል። መግባቱስ ይገባል፣ ችግሩ መውጫው ላይ ነው። ስብ ከጉበት የሚወጣው በፕሮቲን ተጠቅልሎ ነው፣ ስለዚህ ጫኞቹ ፕሮቲኑ ናቸው፣ ድመቷ ካልበላች ደግሞ ጫኝ የለም። ጆንያው እስከ ጣሪያ ይከመራል፣ መተላለፊያው ይዘጋል፣ የመጋዘኑ ሌላ ሥራ ሁሉ ይቆማል፣ ሐሞት የሚፈስበት ቀጭን መንገድ ሳይቀር ይጨፈለቃል፣ ድመቷም ቢጫ ትሆናለች። እና ልብ በሉ፤ ከሲታዋ ድመት ያላት የአንድ አይሱዙ ጭነት ነው። አሥሩ ሲኖትራክ ያለው ወፍራሟ ዘንድ ነው። ረሃብን ትችላለች የምትሏት ድመት ከሁሉም በላይ የማትችለዋ ናት።

በእኛ ሙያ ይሄ በሽታ ሄፓቲክ ሊፒዶሲስ ይባላል። ወፍራም ድመት ላይ ሁለት ሦስት ቀን ምግብ መተው ሊያስጀምረው ይችላል። ፈዛ ትተኛለች፣ ታስመልሳለች፣ ለሃጯ ይዝረበረባል። የላይኛውን ከንፈሯን ገለጥ አድርጋችሁ ድዷን እዩት፣ ጥቁር ከሆነ የዓይኗን ነጭና የጆሮዋን ውስጥ። እዚያ ላይ ቢጫ ነገር ካያችሁ ለነገ አትበሉ። ሕክምናው በዋናነት ምግብ ነው፤ ድመቷ ራሷ ስለማትበላ በቱቦ፣ ብዙ ጊዜ ለሳምንታት። መርፌ ወግቶ መመለስ ብቻውን አያድናትም።

ሳልጠየቅ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ትልቅ ሆድ ሁሉ ስብ አይደለም። የሆድ ትል፣ እርግዝና፣ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ ሁሉም ሆድ ይነፋሉ። ሁለት እጃችሁን ጎኗ ላይ አድርጉና በጣት ዳብሱ። ሳትጫኑ የጎድን አጥንቶቿን አንድ በአንድ ካገኛችኋቸው ውፍረት የለባትም፣ ሆዷ ብቻ ከተነፋ ደግሞ ለሐኪም አሳዩዋት። አጥንቶቹን ለማግኘት መጫን ካስፈለጋችሁ ግን ወፍራለች። ኢንሱሊን የሚወጋ እንስሳ ካላችሁ ያለ ሐኪም ምግቡን እንዳትቀንሱ፣ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። «እግሯን አሟታል» ብላችሁ ፓራሲታሞል ለድመት እንዳትሰጡ፣ ግማሽ ፍሬም ሊገድላት ይችላል። ለውፍረቱ ስትመጡ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን አብራችሁ አስወጉ።

እሺ፣ ታዲያ እንዴት ትክሳ? 6 ኪሎ የሆነች፣ 4.5 ኪሎ መሆን የሚገባት ድመት እንውሰድ። በሳምንት ከክብደቷ 1 በመቶ ገደማ ብትቀንስ ጥሩ ነው፣ ይሄም 60 ግራም ነው። በዚህ ሂሳብ ግማሽ ዓመት ትፈጃለች። አዎ፣ ግማሽ ዓመት! መጀመሪያ ላይ በቀን 170 ካሎሪ አካባቢ ይበቃታል፣ ይሄም በሦስት በአራት ጊዜ ተከፋፍሎ ነው።

አሁን ቤታችሁን እዩ። ከሥጋ ላይ የተገነጠለ 20 ግራም ሞራ ከ150 ካሎሪ ያልፋል፣ የቀኗን ድርሻ ሊጨርስ ምንም አልቀረው። አንድ መቶ ሚሊ ሊትር የላም ወተት ከ60 ካሎሪ በላይ ነው። ጠዋት ከፈቲራው ቆረስ፣ ምሳ ላይ ከፓስታው፣ ማታ ጮማ፣ ከዚያ «ምንም አትበላም እኮ» ይባላል። ጎረቤትም አለ፤ ጁገል ውስጥ ቤቶቹ ተጠጋግተው ነው የተሠሩት፣ አንዷ ድመት ሦስት ቤት ትበላለች፣ ሦስቱም ቤት የኔ ናት ይላል። መጀመሪያ ጎረቤት አናግሩ።

ሞራውን አስቀርታችሁ ቀይ ሥጋ ስጡ፣ ዶሮና ዓሣም ይሆናል። ወጥ አትስጧት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትንም የውሻንም ደም ይጎዳሉ። ደግሞ ያለ አጥንት ሥጋ ብቻ ለወራት ከሆነ ካልሲየም ያንሳታል፣ ስለዚህ የተሟላ የድመት ምግብ ማግኘት ከቻላችሁ ይሻላል፣ ካልቻላችሁ ምን እንደሚጨመር ሐኪም ይንገራችሁ። አዲሱን ምግብ ከቀድሞው ጋር እየቀላቀላችሁ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ለውጡት። «ሲርባት ትበላዋለች» የሚል ምክር አትስሙ። 24 ሰዓት እምቢ ካለች የቀድሞውን መልሱላት፣ እሱንም እምቢ ካለች ሳይደርቅ በእርጥቡ ነውና ወደ ሐኪም ውሰዷት።

በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋና ወተት የማይገባበት ቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ የድመቷን ለብቻ አስቡበት። ሽሮ የነካው እንጀራ ይቀርብላታል፣ አሽታ ትሄዳለች፣ እናንተም በላች ብላችሁ ታስባላችሁ። ትንሽ ዓሣ ወይም ሥጋ ለእሷ ይገዛላት።

ውሻ ረሃብን በመቻል ከድመት ይሻላል። እሱንም ማስራብ ግን ጡንቻውን ነው የሚበላው። በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢቀንስ ይበቃዋል። በበርጫ ሰዓት የሚወረወርለትን የባቢሌ ለውዝ አቁሙ፤ አንድ እፍኝ፣ 30 ግራም ያህሉ፣ 170 ካሎሪ ገደማ ነው፣ 10 ኪሎ መሆን ላለበት ውሻ የቀኑን ግማሽ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። በድሬ ሙቀት ደግሞ ወፍራም ውሻን በቀን አታስሩጡት። ጎህ ሲቀድ ይሁን፣ አስፋልቱ ሳይግል።

ክብደቱን በተመለከተ፣ ሰው የሚቆምበት ሚዛን 60 ግራም አያሳያችሁም። ድመቷን ዘንቢል ውስጥ አድርጋችሁ ሰፈር ያለው ባለሱቅ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጧት፣ ባዶውን ዘንቢል መዝናችሁ ቀንሱ። በየሁለት ሳምንቱ፣ በዚያው ሚዛን፣ ምግብ ሳይሰጣት ጠዋት ላይ። በሁለት ሳምንት ከ240 ግራም በላይ ከወረደች ፈጥናለች ማለት ነው፣ ምግቧን ጨምሩላት። ምንም ካልወረደች ደግሞ ከመቀነሳችሁ በፊት ሌላ ማን እንደሚያበላት አጣሩ።