በእጅ የሚሞላ የአደን ጥይት፦ ወረቀት ላይ ያማረ ሁሉ አጋዘን አይጥልም

መስከረም ጠብቶ የኮሎራዶ የአደን ወቅት ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ደዋዩ ጥይቱን ጋራዡ ውስጥ የሚሞላ፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ አጋዘን ሊጥል የቋመጠ ያገሬ ልጅ ነው። ፎቶ ይልክልኛል፦ ወረቀት ላይ ሦስት ቀዳዳ፣ በአንድ ሳንቲም የሚሸፈን። «ዘንድሮ በዚህ ነው የምወጣው» ይላል። አረሩ፣ ማለትም ከጥይቱ ተፈትልኮ የሚወጣው ጫፍ፣ ምን ዓይነት ነው ስለው ለኢላማ ተኩስ ውድድር የተሠራ ነው። ሁሌም የውድድር ነው! በየዓመቱ የምሰማቸውን አባባሎች በየተራ ልያዛቸው።

«ወረቀት ላይ የተጠጋጋ ጥይት ለአደንም ይበልጣል።» አይበልጥም። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከ100 ሜትር ላይ ቀዳዳዎችህ በ2 ሴንቲሜትር ተጠጋጉ በ4፣ ለአጋዘኑ ያው ነው። ለእሱ ልዩነት ያለው አረሩ ከገባ በኋላ በሚሠራው ላይ ነው። የውድድር አረር ወረቀት እንዲበሳ የተሠራ ነው። ሽፋኑ ስስ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ቀዳዳም የአመራረቱ ውጤት ናት እንጂ አረሩ ሥጋ ውስጥ ተከፍቶ እንደ እንጉዳይ እንዲሰፋ ታስባ አልተቀመጠችም። ስለዚህ አንዱ ሳይከፈት ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ሌላው አጥንት ሲነካ ይበታተናል። የትኛው እንደሚደርስህ አታውቅም። ሴራ የተባለው አምራች ራሱ ማችኪንግ የሚባለውን አረሩን ለአደን አይመክርም። ሠሪው አይሆንም ካለ እኛ ምን አከራከረን?

አንድ ወዳጄ ግን ተከራከረ። በውድድር አረሩ የአንድ አጋዘን ትከሻ መታ፣ ምቱ ጥሩ ነበር። አረሩ አጥንቱ ላይ ፍርክስክሱ ወጣ። ደሙን እየተከተልን እስኪመሽ ተንከራተትን። በማግስቱ ስንደርስ ኮዮቴ የሚባሉት የዱር ውሾች ቀድመውናል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆን ኖዝለር የተባለ አሜሪካዊ አዳኝ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ሊያድን ወጥቶ አረሮቹ ጠልቀው መግባት አቃታቸው። ቤቱ ተመልሶ መሐሉ ላይ የመዳብ ቅይጥ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ። የፊቱ ክፍል ይከፈታል፣ የኋላው ሳይበተን ይዘልቃል። ፓርቲሽን ይባላል፣ ዛሬም ይሸጣል። ወረቀት ላይ ከውድድር አረር ሊያንስ ይችላል። ይነስ!

የኮሎራዶ ሕግም ቢሆን ለአጋዘን የሚከፈት አረር ነው የሚያዘው፤ ክብደቱ ቢያንስ 70 ግሬይን (የአረርና የባሩድ ክብደት መለኪያ ነው)፣ ካሊበሩ፣ ማለትም የአረሩ ውፍረት፣ ከ6 ሚሊሜትር ያላነሰ። ጠመንጃህ የሚተኩሰው የጥይት ዓይነት 243 ከሆነ 95 ወይም 100 ግሬይን፣ 308 ከሆነ 150 ወይም 165 ግሬይን የአደን አረር ግዛ። መጀመሪያ አረሩን ምረጥ፣ ባሩዱን ከዚያ ታስተካክላለህ።

«ባሩድ በጨመርክ ቁጥር ይገድላል።» ሳንባው የተመታ አጋዘን በሰከንድ 30 ሜትር ስለጨመርክ ይበልጥ አይሞትም። የሚብሰው የጠመንጃው ርግጫ ነው፤ ርግጫ የፈራ ሰው ደግሞ ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል።

«የጓደኛዬ የባሩድ ልክ ለኔም ይሠራል።» ይሄኛው ከማናደድ አልፎ ያስፈራኛል። በቴሌግራም የመጣ የባሩድ ልክ የዶሮ ወጥ አሠራር አይደለም። የወታደር ቀለህ፣ ማለትም ባሩዱን የሚይዘው የጥይቱ ቤት፣ ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው፣ ውስጡ ይጠባል። ያው ባሩድ ሲገባበት ግፊቱ ይንራል። የመሙያ መመሪያ መጽሐፍ ግዛ። ከሚሰጠው ዝቅተኛ መጠን ጀምር፣ በትንሽ በትንሹ ውጣ። ከተኮስክ በኋላ ማቀባበያው ለመክፈት ካንገራገረ ግፊቱ በዝቷልና አቁም። ከዝቅተኛው በታች መውረድም አደጋ አለው።

«ከባድ አረር ቁጥቋጦ ጥሶ ያልፋል።» ቅርንጫፍ የነካ አረር ሁሉ መንገዱን ሊስት ይችላል። ክፍት ቦታ ጠብቅ።

«ጥይትን ቤት ውስጥ መሙላት ይረክሳል።» ማሽኑንና ሚዛኑን ግዛና እናወራለን።

«የመዳብ አረር ለካሊፎርኒያ ሰው ነው።» እዚያ ከጁላይ 2019 ጀምሮ በእርሳስ አረር ማደን ስለተከለከለ ግዴታቸው ነው። ግን እርሳስ ሲበታተን ደቃቅ ስባሪው ከቁስሉ ርቆ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ሥጋውን ለልጆችህ የምታበላ ከሆነ አስብበት። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል አረሩ በተመሳሳይ ክብደት ይረዝማል። ስለዚህ በ308 ላይ 165ቱን ትተህ 150 ወይም 130 ሞክር።

«ሐምሌ ላይ የተሞከረ ጥይት ኅዳርም ያው ነው።» አንዳንድ ባሩድ በብርድ ይዳከማል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ቀን ሂድና ካልሞቀ አፈሙዝ የምትወጣው የመጀመሪያዋ ጥይት የት እንደምታርፍ እይ። ሦስተኛዋን አጋዘኑ ቆሞ አይጠብቅልህም። እግረ መንገድህንም ለአደን የሞላሃቸውን ሁሉ እዚያው የተኩስ ሜዳ ላይ፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው አድርገህ፣ ከካዝናው አንድ በአንድ አቀባብለህ አውጣ። አልገባም የሚል ቀለህ ካለ ተራራ ሳትወጣ ይታወቅ።